ኦርጋኒክ፣ ናቹራል፣ ጂኤምኦ፦ ስለምንበላው ነገር የምናምታታቸው ሦስት ቃላት

መግቢያ

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሱኝ ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያጋጠሙኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ሲናና ወረዳ በእርሻ የሚተዳደሩት አጎቴ ቤት የሆነ ነው። ለቦና ወቅት ስንዴ ሊዘሩ መሬቱን አርሰው ጨርሰው ነበር። ቡና እየጠጣን ሳለ ወደኔ ዞር አሉና፣ “አንተ ተማሪው፣ እስቲ ንገረኝ። አሁን የሚሰጡን አዲሱ ምርጥ ዘር ጂኤምኦ ነው አሉ። መሬት ያመክናል፣ ሰውም ያመክናል እየተባለ ነው። እውነት ነው እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ። እኔም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ “አይመስለኝም ጋሼ” ከማለት በቀር የማስረዳው አጣሁ። አንድ ገበሬ ደግሞ “አይመስለኝም” በሚል መልስ የዓመት ቀለቡን አያስይዝም። አጎቴ አዲሱን ዘር ትተው ከጎተራ ያወጡትን፣ ለዓመታት ሲዘሩት የኖሩትን ዘር ዘሩ። ጥቅምት ላይ ስደውል ማሳው ዋግ ገብቶበት ቢጫ ሆኗል አሉኝ። ከተሰበሰበው እህል የሚበዛው ጭድ ነበር።

ሁለተኛው ጎባ ከተማ የሆነ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለእናቱ ስጦታ ብሎ የታሸገ ማር ገዛ። ዋጋው ገበያ ላይ በባልዲ ከሚሸጠው እጥፍ ነው። ማሸጊያው ላይ በትልቁ “100% ናቹራል፣ ኦርጋኒክ፣ ጂኤምኦ ፍሪ” ይላል። አገላብጠን ብናየው የአምራቹ አድራሻ የለ፣ የታሸገበት ቀን የለ፣ ኦርጋኒክነቱን ማን እንዳረጋገጠ የሚገልጽ ምልክት የለ። ጓደኛዬ ግን “በእንግሊዝኛ ከተጻፈማ ተመርምሮ ነው” ብሎ ከፈለ።

ቆይቼ ሳስበው ሁለቱ ነገሮች አንድ ሆነው ታዩኝ። አጎቴ መፍራት የማይገባቸውን ፈሩ፤ ጓደኛዬ መጠርጠር የሚገባውን አመነ። ሁለቱም የከሰሩት ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ የሚነግራቸው ስላጡ ነው። እኔም ያኔ መመለስ ያቃተኝን ካነበብኩ በኋላ እንደሚከተለው ለማብራራት እሞክራለሁ።

“ናቹራል” ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሦስቱ ቃላት በብዛት የሚጻፈውም፣ ትርጉሙ የሚላላውም ይሄኛው ነው። “ተፈጥሯዊ” የሚለው ቃል ጆሮ ላይ ደስ ይላል፤ ሲመረመር ግን ምን ቃል እንደገባ አይታወቅም። በአሜሪካ እንኳ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ “ናቹራል” ለሚለው ቃል መደበኛ የሕግ ትርጓሜ አላወጣለትም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ መሰል አቋም የሚለው ባጭሩ፣ ሰው ይገኝበታል ብሎ የማይጠብቀው ሰው ሠራሽ ነገር ምግቡ ውስጥ አልተጨመረም ማለት ነው የሚል ነው። እህሉ ማሳ ላይ ሳለ ምን እንደተረጨበት፣ ዘሩ በምን መንገድ እንደተገኘ ግን ቃሉ አይናገርም። ስለዚህ በዘረ መል ከተለወጠ በቆሎ የተሠራ ምግብ “ናቹራል” ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፣ ሲሸጥም ኖሯል። ፔፕሲኮ የተባለው ኩባንያ “ኔክድ” በሚባለው ጭማቂው ምክንያት ተከሶ፣ ጥፋቱን ባያምንም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና “ኦል ናቹራል” የሚለውን ጽሑፍ ከጠርሙሱ ላይ ለማንሳት ተስማምቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ በዘረ መል የተለወጠ አኩሪ አተር አለበት የሚል ነበር።

እኛም አገር የራሳችን “ናቹራል” አለን። የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ፣ የሐበሻ እንቁላልና የፈረንጅ እንቁላል እንላለን። ሮቤ ገበያ ላይ “የሐበሻ ነው” ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ገዢውም ሳይከራከር ይከፍላል። ይሁን እንጂ “የሐበሻ” የሚለው ቃል የሚነግረን የዶሮዋን ዝርያና፣ በግምት ደግሞ ግቢ ውስጥ እየጫረች ያደገች መሆኗን ነው። የጫረችው እህል ጎተራ ውስጥ ማላታይን የተነሰነሰበት ይሁን አይሁን ቃሉ አይነግረንም።

ከዚህም ሌላ የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ጓያ የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ሽባ ያደርጋል፣ በሽታውም አይድንም። እንክርዳድ የተፈጥሮ ነው፤ ከስንዴና ከጤፍ ጋር ሲፈጭ ያሰክራል። በጎረቤታችን በአርሲ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤርጎት የሚባል ፈንገስ የነካው ገብስ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየደረቀና እየበሰበሰ ለከባድ ጉዳት ተዳርገው ነበር። ፈንገሱም ገብሱም የተፈጥሮ ናቸው።

እዚህ ላይ ቡና ለሚወዱ አንባቢያን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በቡና ንግድ ውስጥ “ናቹራል” ማለት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሳይታጠብ ከነገለባው ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ እኛ ጀንፈል የምንለው ቡና ማለት ነው። የሐረና ቡና “ናቹራል” ተብሎ ቢጻፍበት ስለ አዘገጃጀቱ እንጂ ስለ ንጽሕናው የሚናገረው ነገር የለም። እኔ ራሴ ይህንን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ።

“ኦርጋኒክ”ስ?

ኬሚስትሪ ለተማርን ሰዎች ይህ ቃል መጀመሪያ ያደናግራል። በኬሚስትሪ ኦርጋኒክ ማለት ካርቦን ያለው ውህድ ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን ማላታይን ራሱ ኦርጋኒክ ነው! በግብርናና በምግብ ላይ ግን ቃሉ የሚገልጸው የአመራረት ሥርዓትን ነው። ማለትም “ኦርጋኒክ” የሚለው ቃል እህሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይሆን እህሉ በምን መንገድ እንደመጣ የሚናገር ቃል ነው።

መንገዱ በደንብ የተጻፈ ነው። የአውሮፓም የአሜሪካም ሕጎች በዋና ዋና ነጥቦች ይስማማሉ፤ ፋብሪካ የሠራው ማዳበሪያ አይደረግም፣ ሰው ሠራሽ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ አይረጭም፣ በዘረ መል የተለወጠ ዘር አይዘራም፣ ምግቡ በጨረር አይታከምም። ማሳው ቀድሞ ኬሚካል የነካው ከሆነ መሸጋገሪያ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ሕግ 3 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ለዓመታዊ ሰብል ከመዝራቱ በፊት 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አምራቹም ሆነ ገዢው ያልሆነ ሦስተኛ ወገን በየዓመቱ እየመጣ መዝገቡንና ማሳውን ያያል። ቀላቅለው የሚሠሩ ምግቦችን በተመለከተ በአሜሪካ “ኦርጋኒክ” ለመባል ከውሃና ከጨው ውጪ ካለው ይዘት 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ላርም። የመጀመሪያው ኦርጋኒክ ማለት ምንም ፀረ ተባይ ያልነካው ነው የሚለው ነው። ልክ አይደለም። ከፓይረትረም አበባ የሚወጣ መድኃኒትና ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ ይፈቀዳሉ። (ይህን ባክቴሪያ አትርሱት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።) ሁለተኛው ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይበልጣል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በንጥረ ነገር የጎላ ብልጫ እንዳለው የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት ግን በኦርጋኒኩ ላይ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል።

አገራችንም ሕግ አላት። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 በኦርጋኒክ ስም የሚቀርብ ምርት በምን ሥርዓት እንደሚመረትና እንደሚረጋገጥ ለመደንገግ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ኦርጋኒክ የተረጋገጠ ቡና ወደ ውጭ በመላክ ይታወቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የፈረንጆች ወሬ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ባሌያችን እንምጣ። ጎባ አካባቢ ያሉት አያቴ ጓሮአቸው ውስጥ አሩሶ የሚባለውን የአገር ገብስ ይዘራሉ። ማዳበሪያው የከብት ፍግ ነው፣ ለአረሙ እጅ ነው። ለበሶና ለጭኮ የሚሆነው እሱ ነው። የአያቴ ገብስ ኦርጋኒክ ነው ወይ? በአሠራሩ አዎ፣ በወረቀት ግን አይደለም። የሚያረጋግጥለት አካል ስለሌለ በኦርጋኒክ ዋጋ አይሸጥም። የሐረና ጫካ ቡናና ማርም እንደዚሁ ነው። ከጎባ ተነስታችሁ የሳነቲን አምባ አቋርጣችሁ ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ የምታገኙት ጫካ ውስጥ ቡናው ራሱን ዘርቶ ይበቅላል፤ ሰው የሚያደርገው መልቀም ነው። “ስሎው ፉድ” የተባለው መነሻው ጣሊያን የሆነ ድርጅት የሐረናን የጫካ ቡና ልዩ ድጋፍ ከሚያደርግላቸው ምርቶች ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ዕውቅና ነው፤ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ግን አይደለም፣ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። የዓለም የኦርጋኒክ ሕጎች ከዱር የሚለቀም ምርትንም ለማረጋገጥ ቦታ አላቸው፣ ቦታው ላለፉት 3 ዓመታት ኬሚካል እንዳልነካውና አለቃቀሙ ጫካውን እንደማይጎዳ ከታየ።

በሌላ በኩል የሮቤ፣ የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ ኦርጋኒክ ነው የሚል ሰው ካለ አካባቢውን አያውቅም። እዚህ አገር በዓመት ሁለቴ፣ በገና እና በቦና ወቅት ይዘራል። ስንዴ በስንዴ ላይ እየተደጋገመ ስለሚዘራ አረሙም ዋጉም አይለቅም። ዳፕ፣ ኤንፒኤስ፣ ዩሪያ፣ ቱፎርዲ፣ ፓላስ፣ የዋግ መድኃኒት የማያውቅ ገበሬ የለም። ይህንን ለወቀሳ አላነሳሁትም። ያለዚህ ምርቱ ያን ያህል እንደማይሆን አጎቴም እኔም እናውቃለን። ነገሩን በስሙ እንጥራው ለማለት ነው።

ጂኤምኦ የቱ ነው፣ የቱስ አይደለም?

አጎቴ የጠየቁኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ለመመለስ ዘር የሚሻሻልባቸውን ሦስት መንገዶች መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ማዳቀልና መምረጥ ነው። አንዱን ስንዴ ከሌላ ስንዴ ጋር አዳቅሎ፣ ከልጆቹ መካከል የሚሻሉትን ለተከታታይ ትውልዶች እየመረጡ ማውጣት ነው። አገራችን ውስጥ የተለቀቁት የስንዴ ምርጥ ዘሮች፣ ሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውም ሆኑ ከሌሎች ማዕከላት የመጡት፣ በዚህ መንገድ የተገኙ ናቸው። ስንዴ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ገበሬው ካመረተው ላይ አስቀርቶ መልሶ ሊዘራው ይችላል።

ሁለተኛው ሃይብሪድ ወይም ዲቃላ የምንለው ነው። ቆላማው የባሌ ክፍል በቆሎ የሚዘራ ሰው ቢኤች 660 ወይም ቢኤች 540 ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ንጹሕ የሆኑ የበቆሎ መስመሮች ተዳቅለው የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱ ይሆናል፤ ከእሱ ላይ ዘር አስቀርተው ቢዘሩት ግን ምርቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። “ዘሩ አይደግምም” የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ይህም ቢሆን ጂኤምኦ አይደለም።

ሦስተኛው በላቦራቶሪ ዘረ መልን በቀጥታ መለወጥ ነው። በሕጋችን አማርኛ “ልውጠ ሕያው” የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረ መል በተክሉ ውስጥ ይገባል። ቅድም አትርሱት ያልኳችሁ ባክቴሪያ እዚህ ይመጣል። ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ ለአንዳንድ ትሎች መርዝ የሆነ ፕሮቲን ያመርታል። ኦርጋኒክ ገበሬ ባክቴሪያውን ቅጠል ላይ ይረጨዋል። የዘረ መል መሐንዲሶች ደግሞ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ዘረ መል ከባክቴሪያው ወስደው ጥጥና በቆሎ ውስጥ አስገቡት፤ ተክሉ ራሱ ትሉን ይገድላል። አንድ ዓይነት ፕሮቲን፣ አንዱ መንገድ በኦርጋኒክ ሕግ የተፈቀደ፣ ሌላው የተከለከለ! ልዩነቱ ያለው በመንገዱ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዓለም ላይ በስፋት የሚዘሩት ልውጠ ሕያዋን ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 “ፍሌቨር ሴቨር” የተባለ ቲማቲም ገበያ ላይ ወጣ፤ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና ካኖላ ተስፋፉ። በአሜሪካ፣ በብራዚልና በአርጀንቲና ከሚመረተው አኩሪ አተር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ልውጥ ነው። ስንዴን በተመለከተ ድርቅ ይቋቋማል የተባለው “ኤችቢ 4” የተሰኘው ብቻ ነው ፈቃድ አግኝቶ የተዘራው፤ አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያውን ፈቃድ ሰጠች፣ አሜሪካ በ2024 ፈቀደች። የአጎቴ ስንዴ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ታዲያ የአጎቴን ማሳ ምን አበላሸው? ይህንን የባሌና የአርሲ ገበሬ ከመጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። ኩብሳ የሚባለው ስንዴ ለዓመታት ተወዳጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ ተመታ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ዞረ፤ በ2013/14 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጥቶ ዲጋሉን እዚሁ ባሌና አርሲ ውስጥ ፈጀው። ዋግ ራሱን እየለወጠ ስለሚመጣ ትናንት የተቋቋመው ዘር ዛሬ ላይቋቋም ይችላል። አዲስ ዘር በየጊዜው የሚለቀቀው ለዚህ ነው። “ጂኤምኦ ነው” የሚለው ወሬ ገበሬውን ያረጀ ዘር ላይ ሲያስቀረው፣ የሚጠቀመው ዋጉ ብቻ ነው።

ሕጋችንና ማዕዳችን

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ በዓለም መድረክ ትልቅ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው፣ ከመስከረም 2003 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የካርታኼና ፕሮቶኮል ሲረቀቅ የአፍሪካን ቡድን ወክለው የተደራደሩት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ፕሮቶኮሉ አንድ አገር ልውጠ ሕያው ከመግባቱ በፊት አውቆና መርምሮ የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት ይሰጣል። ዶ/ር ተወልደብርሃን በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙ ሲሆን፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አገራችንም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን አወጣች። አዋጁ ጠንካራ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለምርምር መንገዱን አቀለለ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 ትል የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ ለእርሻ ተፈቀደ፣ ድርቅና ትል ይቋቋማል የተባለ በቆሎም በተከለለ ማሳ ላይ እንዲሞከር ፈቃድ ተሰጠ።

“ጥጥ አይበላ፣ ምን አገባን?” የሚል ሰው ይኖራል። ቆይ! የጥጥ ፍሬ ዘይት ይበላል፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚቀረው ፋጉሎ ደግሞ ለከብት ይሰጣል። ከዚህ የተነሳ የጥጥ ጉዳይ የወጥና የወተት ጉዳይም ነው። እዚህ ላይ የሕጎቹ ልዩነት ይታያል። በተጣራ ዘይት ውስጥ ዘረ መሉ በማጣራቱ ሂደት ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ በምርመራ ማግኘት በጣም አስቸጋሪ ነው። የአውሮፓ ሕግ ግን ዘይቱ ከልውጥ ሰብል ከመጣ ይጻፍበት ይላል፣ መነሻውን ስለሚከተል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በበኩሉ በምርመራ የማይገኝ ከሆነ መጻፍ አያስፈልግም ብሎ ነበር የተነሳው። ሳይታወቅ ለሚቀላቀለውም አውሮፓ እስከ 0.9 በመቶ፣ አሜሪካ እስከ 5 በመቶ ድረስ ሳይጻፍበት ያልፋል። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ዘይት በአንዱ አገር “ልውጥ” ተብሎ ሲጻፍበት በሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ለብዙ ዓመታት በሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የገዛነው የፓልም ዘይት ከልውጥ ተክል የመጣ አይደለም፤ ልውጥ የዘይት ፓልም ለገበያ አይመረትም። ይህ ማለት ግን ለልብ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የሚረጋ ስብ የበዛበት ዘይት ነው። “ጂኤምኦ ፍሪ” የሚለው ጽሑፍ የጤና የምስክር ወረቀት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሦስቱን ቃላት ጎን ለጎን ስናያቸው

ነገሩ እንዳይዛባ በምሳሌ ላስቀምጠው።

የአያቴ ገብስ፦ ኬሚካል አልነካውም፣ ልውጥ አይደለም፣ ማረጋገጫ ግን የለውም።
የአጎቴ ስንዴ፦ ኬሚካል ነክቶታል፣ ልውጥ ግን አይደለም።
“ናቹራል” የተባለ ከውጭ የመጣ የበቆሎ ቁርስ፦ ልውጥ ሊሆን ይችላል፣ ኬሚካልም ሊነካው ይችላል።
የተረጋገጠ ኦርጋኒክ ቡና፦ በሕጉ መሠረት ልውጥ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ኬሚካልም አልተደረገበትም፣ የሚጠየቅ አካልም አለው።

በአጭሩ የተረጋገጠ ኦርጋኒክ ሁሉ ጂኤምኦ አይደለም፤ ጂኤምኦ ያልሆነ ሁሉ ግን ኦርጋኒክ አይደለም። ናቹራል ደግሞ ከሁለቱ ስለ አንዱም ቃል አይገባም።

ጎባ ላይ የተገዛው ማርም በዚህ ሊመዘን ይችላል። በሐረና ጫካ ልውጥ ሰብል የሚዘራ የለም፤ ስለዚህ “ጂኤምኦ ፍሪ” ሲል የማንም ማር ያለውን ነገር ለብቻው እንዳለው አድርጎ መሸጡ ነው። “ኦርጋኒክ” ሲል ማስረጃ የለውም። “100% ናቹራል” ሲል ደግሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስኳር ተጨምሮበታል ወይስ አልተጨመረበትም? ማሸጊያው መልስ የማይሰጠው ለዚህ ለዋናው ጥያቄ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

እኔ አሁን ዕቃ ስገዛ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦

1. አምራቹ ማነው፣ አድራሻውስ? ስም የሌለው ማሸጊያ የሚጠየቅ ሰው የለውም።
2. “ኦርጋኒክ” ካለ ማን አረጋገጠው? የአረጋጋጩ ስምና መለያ ቁጥር መኖር አለበት።
3. የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን አለ ወይ?
4. ውስጡ ያሉት ነገሮች ተዘርዝረዋል ወይ? አኩሪ አተር፣ በቆሎ ወይም ካኖላ ካለና ከአሜሪካ አህጉር ከመጣ ልውጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።
5. ከፊት በትልቁ የተጻፈው ከኋላ በትንሹ ከተጻፈው ጋር ይስማማል ወይ?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አሳሳች ገላጭ ጽሑፍንና ባዕድ ነገር መቀላቀልን ይከለክላል። ሕጉ ግን የሚሠራው የሚጠይቅ ሸማች ሲኖር ነው።

የኔ አስተያየት

አንዳንድ ጓደኞቼ ረቂቁን አንብበው “አንተ የጂኤምኦ ጠበቃ ሆንክ እንዴ?” ብለውኛል። አልሆንኩም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ምግቦች ከሌላው ይልቅ ጤና እንደሚጎዱ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ይህንን እቀበላለሁ። ነገር ግን ጥያቄው የጤና ብቻ አይደለም። የዘሩ ባለቤት ማነው? ፀረ አረም የሚቋቋም ሰብል በተዘራበት አገር መድኃኒቱን የሚቋቋም አረም መጥቷል፣ እኛ ጋ ቢመጣ ማን ይከፍላል? እንደ ባሌ ገብስ ያለ የአገር ዘርስ እንዴት ይጠበቃል? እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። “ያመክናል” የሚለው ወሬ እነዚህን ጥያቄዎች ይሸፍናቸዋል እንጂ አይመልሳቸውም።

በሌላ በኩል የሚያስፈራኝ መለያ ላይ የማይጻፈው ነገር ነው። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎች ተወስደው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም አፍላቶክሲን በሁሉም ተገኝቷል፤ በአውሮፓው ልክ ውስጥ የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። ምንጩ ሻጋታ የያዘው የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተጠቁሟል። ኑግ የተፈጥሮ ነው፣ የአገራችን ነው፣ ልውጥም አይደለም። ወተቱ ላይ “ናቹራል” ብንጽፍበት ውሸት አይሆንም ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ መኖውን ማድረቅና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ሐረና ማርና ቡና ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የውጭ አረጋጋጭ ማምጣት ለአንድ ቀፎ ሰቃይ የማይታሰብ ወጪ ነው። ግን በቡድን ሆኖ መረጋገጥ ይቻላል፤ አባላት እርስ በርሳቸው የሚቆጣጠሩበት መዝገብ ይይዛሉ፣ አረጋጋጩ መዝገቡንና የተወሰኑ ማሳዎችን ያያል። ለአገር ውስጥ ገበያ ደግሞ አምራቾችና ገዢዎች አብረው የሚመሰክሩበት አሳታፊ የማረጋገጫ ዘዴ በሌሎች አገሮች ይሠራበታል። መዝገብ መያዝ እኛ ተማሪዎች ልንረዳቸው የምንችለው ሥራ ነው። ማንም እየተነሳ “ኦርጋኒክ” እያለ ከጻፈ ግን፣ የእውነት ጫካ ገብቶ የለቀመው ሰው ቃሉን ሊጠቀምበት በሚፈልግበት ቀን የሚያምነው አያገኝም።

ማጠቃለያ

በገና እረፍት ወደ አጎቴ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ “አይመስለኝም” አላልኩም። ሦስቱን መንገዶች በስንዴና በበቆሎ ፍሬ እያሳየሁ፣ ይሄ ምርጥ ዘር ነው፣ ይሄ ዲቃላ ነው፣ ጂኤምኦ የሚባለው ደግሞ ይሄ ነው፣ የስንዴው ዘር ጂኤምኦ አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ “ይህን ክረምት ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?” አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ለሚመጣው ወቅት ግማሹን መሬት በአዲሱ ዘር፣ ግማሹን በድሮው ዘርተው ሊያነጻጽሩ ወስነዋል። እኔም ከዚህ የተሻለ ምርምር አላውቅም።

ውድ አንባቢያን፣ እያንዳንዳችን ቤት የሚጠብቀን አንድ አጎት አለ። በክፍል ውስጥ ለፈተና የምናጠናውን ለእነሱ በሚገባ ቋንቋ ካላስረዳናቸው፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል።